ቃሬዛና ወረቀት፦ የጉንደ ወይን ሰው ቀዶ ሐኪም ፍለጋ

አባቴ ጭቃ ሹም ነበር። የመንደሩን ግብር ሰብስቦ ገቢ ሲያደርግ የሚቀበላቸውን ደረሰኞች በፍየል ቆዳ ስልቻ ከትቶ ከምድጃው በላይ ይሰቅላቸዋል። እሱ ካረፈ በኋላ እኔና ታናሽ ወንድሜ ስልቻውን አውርደን ስንፈታው፣ ወረቀቶቹ በጥላሸት ጠቁረው፣ ጠርዛቸውን ምስጥ በልቶት አገኘናቸው። ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። የመሬት፣ የዐሥራት፣ የትምህርት ይላል፤ ከዚያ ቀጥሎ «የጤና» የሚል መስመር አለ። ወንድሜ ደረሰኙን ወደ ኩራዙ አስጠግቶ ደጋግሞ ካየው በኋላ፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ ያኔ ሐኪም ነበረን?» አለኝ።

ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ረዳትነት፣ ኋላም በነርስነት 38 ዓመት አገልግያለሁ። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለቀው በዚሁ በጉንደ ወይንና በዙሪያዋ ነው። ያም ሆኖ ለወንድሜ ጥያቄ ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው መልሱን ሳሰባስብ ስለቆየሁ ነው።

ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ግእዝ ነው፤ የወይን ግንድ ማለት ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል። ወረዳው በአንድ ወገን ወደ ጮቄ ብርድ ይወጣል፤ በሌላ ወገን ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ደቡብ ጎንደር ነው። ከመንገዱ ዳር ያለ ሰውና ከዐባይ አፋፍ ያለ ሰው የአንድ ወረዳ ነዋሪ ይባሉ እንጂ ሲታመሙ አንድ አገር ውስጥ ያሉ አይመስሉም።

የጤና ግብር የሚባለው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የታወጀ ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ የትምህርት ግብር ወጥቶ ስለነበር በዚያው መንገድ የሄደ ነው፤ ባለመሬቱ ከመሬት ግብሩ ጋር ለጤና የሚሆን ይጨምራል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ሰው ጤነኛ ሳለ ትንሽ ትንሽ ከፍሎ ሲታመም ይታከም ማለት ነው፤ ዛሬ መድን የምንለው ነገር የሩቅ ዘመዱ ነው። እናቴ ግን ስለዚያ ዘመን ስጠይቃት፣ «ገንዘቡ ወደ ላይ ሲወጣ አይተናል፤ ሐኪሙ ወደ ታች ሲወርድ አላየንም» ትለኝ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በመጣ ጊዜ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ሸፍቶ፣ አውሮፕላን ሁሉ ዘምቶበት፣ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ። የዚያ ሽፍትነት ሥሩ ርስት ነው፤ መሬታችን ሊለካ ነው የሚለው ፍርሃት ነው። የጤናው ግብር አስነሣው አልልም። ነገር ግን ከፍሎ ያላየ ሰው በሚቀጥለው ክፍያ ላይ እምነት ቢያጣ አልፈርድበትም፤ ይህን ነገር ከ45 ዓመት በኋላ ስለ ጤና መድን ላስረዳ ገበሬ ፊት ስቆም በደንብ አስታውሼዋለሁ።

ቀዶ ሕክምናን ካነሣን፣ አገራችን ጨርሶ አታውቀውም ማለት ስሕተት ነው። አጥንት ሲሰበር ወጌሻ አለ፤ በቀርከሃ አስሮ በቅቤ አሽቶ የሚያቃና ሰው ነው፤ አንዳንዶቹ እጃቸው የሚደነቅ ነበር። ዋግምት የሚያደርግ አለ። እንጥል የሚቆርጥ አለ፤ በዚህ የተነሣ ደም ፈሷቸው የመጡልኝን ሕፃናት ቁጥር ባላስታውስ ይሻለኛል። ሆድ የሚከፍት ግን አልነበረም። በዘመናዊው መንገድ ሆድ የሚከፍት ሐኪም ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በብዛት ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. ከሩሲያ ቀይ መስቀል ጋር ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ1902 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ተነሥቶ የጉንደ ወይን ሰው እስኪደርስበት ሌላ ዕድሜ ፈጀ። ሆዱ የተነፋበት፣ ምጥ የጠናባት፣ መንገዱ ጸበል ነበር፤ ከጸበል ተርፎ የመጣ በቃሬዛ ይመጣል።

ቃሬዛ ላይ ጥቂት መዘግየት እፈልጋለሁ፤ በእኔ ዕይታ የአገራችን የመጀመሪያው የጤና መድን እሱ ነውና።

ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ወይም የጽድ አጣናዎች ናቸው። በመካከላቸው ጠፍር ወዲህና ወዲያ ይወጠራል፤ በላዩ ቁርበት ይነጠፋል። ሕመምተኛው ተኝቶ በጋቢ ይጠቀለላል፤ ዳገት ላይ እንዳይንሸራተት ወገቡ ላይ በመቀነት ይታሰራል። አራት ሰው ይሸከማል፤ ሌሎች አራትና ስምንት ተከትለው ይሄዳሉ፤ ትከሻ ሲደክም ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ይቀያየራሉ። ዳገት ሲሆን ራስጌው ወደ ላይ ይሆናል፤ ቁልቁለት ሲሆን ይዞራል። ወጣቶቹ በሶና ቆሎ ይቋጥራሉ። ክረምት ከሆነ ወንዝ ዳር ቆሞ ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ አለ፤ ወንዝ ዳር የወለደች ሴት፣ ወንዝ ዳር ያረፈ ሰው አውቃለሁ።

ዋናው ነገር እንጨቱ ሳይሆን ደንቡ ነው። ቃሬዛው የመንደሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ወይም ከዕድሩ ዳኛ ቤት ይሰቀላል። ጩኸት ሲሰማ ከየቤቱ አንድ ጎልማሳ ይወጣል። ያልወጣ ይቀጣል። እርሻ ላይ ነኝ፣ ሰርግ አለብኝ ብሎ ማምለጥ የለም። ድሃ ነው፣ ሀብታም ነው፣ ተጣልቶኛል ተብሎ አይተውም፤ ከጎረቤቱ ጋር በመሬት ወሰን ሲካሰስ የከረመ ሰው ያንኑ ሰው ተሸክሞ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሉም የሚሸከመው ነገ እሱም ስለሚተኛበት ነው። የመድን ሊቃውንት በመጽሐፍ የሚጽፉት ሥጋትን መጋራት የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ቃሬዛው ግን የሚያደርሰው እስከ በሩ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን የተማርኩት በአጎቴ ነው።

አጎቴ የሚኖረው ወደ ዐባይ አፋፍ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሆዱን ቆርጦት፣ ተነፍቶ፣ ሽንት ቤት መውጣት እንቢ ብሎት በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቹ ተሸክመው አመጡት። ሳየው አንጀቱ መታጠፉ ገባኝ። ይህ በእኛ አገር ደገኛ ላይ የሚበዛ ሕመም ነው፤ ቶሎ ከተከፈተ ይድናል፤ ከዘገየ አንጀቱ ይሞታል። የሪፈር ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እህል በጫነ መኪና ላይ አሳፍረነው ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ላክነው። ከበሩ ላይ ማስያዣ ተጠየቀ። ገንዘብ አልነበረም። እንግዲያው የነጻ ሕክምና ወረቀት አምጡ ተባለ። ያ ወረቀት ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ይጻፋል፤ ከዚያ በላይ ባለው ቢሮ ማኅተም ይደረግበታል። የአጎቴ ልጅ ወረቀቱን ሊያመጣ የመጣበትን መንገድ ተመለሰ፤ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ሄዶ ጠበቀው። ማኅተሙን ይዞ ሲደርስ አባቱ ከቀዶ ክፍል በር ሁለት ሌሊት ተኝቶ አልፏል። ሬሳው በዚያው ቃሬዛ ተመለሰ።

የዚያን ጊዜ 25 ዓመቴ ነበር። ሪፈር መጻፍ ተምሬአለሁ፤ ወረቀት ከወረቀት እንደሚለይ ግን ማንም አላስተማረኝም። ከዚያ ወዲህ ሪፈር ስጽፍ አስቀድሜ «ነጻ ወረቀት አላችሁ?» ሳልል ብዕር አንሥቼ አላውቅም። ስለዚያ ሆስፒታል ሰዎች ክፉ ማውራት አልፈልግም፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር፤ ደሞዛቸውም የኔው ብጤ ነበር። ጥፋቱ ግን ጥፋት ነው፤ ሰው ሞቶበታል።

በ1995 ዓ.ም. ሌላ ነገር መጣ። ስለሱ ስጽፍ እጄ ደስ ይለዋል።

ትራኮማ የእኛን አገር ሰው ዓይን ሲበላ የኖረ በሽታ ነው። በሕፃንነት ይጀምራል፤ ዓይን ያዣል፣ ዝንብ ያስቀምጣል። እየዳነ እየተመለሰ ዓመታት ሲቆይ የዓይን ቆቡ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ሲጨማደድ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቀዋል። ዓይንህን በከፈትክና በጨፈንክ ቁጥር እሾህ እንደሚወጋህ አስበው። የሚበዛው በሴቶች ነው፤ ከልጅ ጋር የምትውል፣ ልጅ የምታጥብ፣ አብራ የምትተኛ እናት ደጋግማ ትያዛለችና። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ 100 ሕፃናት ከ60 የሚበልጡት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ ዕድሜያቸው ከፍ ካለ 100 ሰዎች ደግሞ 5ቱ ሽፋሽፍታቸው ተቀልብሶ ነበር።

የእናቶቻችን መድኃኒት ወረንጦ ነበረች። የጎንቻ ሴት አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር አስራ ትይዛታለች። ጧት ጧት ደጃፍ ላይ ከፀሐይ ፊት ተቀምጣ ልጇን ወይም ጎረቤቷን «ነቅለሽ አውጪልኝ» ትላለች። የተነቀለው በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ አጭርና ጠንካራ ስለሚሆን ካለፈው ይልቅ ይወጋል። እናቴም ወረንጦ ነበራት። እኔ በልጅነቴ ስንቱን ጠጉር ነቅዬላታለሁ።

የክልሉ ጤና ቢሮ፣ ካርተር ሴንተር የተባለው የውጭ ድርጅትና የላዮንስ ክለብ አብረው ሲሠሩ እኛን ነርሶችን ቆብ መገልበጥ አስተማሩን። ዶክተር መሆን አያስፈልግም ነበር፤ የሠለጠነ እጅ፣ ንጹሕ ዕቃና ትዕግሥት ይበቃል። ቆቡን በማደንዘዣ መርፌ እናደነዝዛለን። ከሽፋሽፍቱ ሥር ጥቂት ከፍ ብለን በምላጭ እንቆርጣለን፤ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውጭ እናዞረዋለን፤ በሐር ክር በሦስት ቦታ እንሰፋዋለን። ቅባት ቀብተን እናሽገዋለን። በማግሥቱ ይፈታል፤ በሳምንቱ ክሩ ይነቀላል። አንድ ዓይን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የጠፋ ብርሃን አይመልስም፤ ይህን ለሁሉም አስቀድሜ እነግራቸው ነበር። ጠጉሩ የሚመለስበትም አለ፤ እኔ የሠራሁት ተመልሶ የታጠፈ ዓይን አለ፤ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ሕመሙ ግን ይቆማል፣ የቀረው ብርሃን ይተርፋል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። መንገዱም ወረቀቱም ቀሩ። ዕቃችንን በበቅሎና በሰው ጭነን ወደ ቀበሌው ወረድን። የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ገጥመን አልጋ አደረግነው። ሕመምተኛዋ በእግሯ መጣች፤ ማስያዣ የለም፣ ማኅተም የለም፣ ስም ብቻ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቀን ሰው ፈርቶ ራቅ ብሎ ቆመ። በስምንተኛው ቀን ክር ልነቅል ስመለስ አንዲት አሮጊት ወረንጦዋን ከማተቧ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ልጄ፣ ይህን ምን አደርግበታለሁ እንግዲህ?» አለችኝ። ዛሬም ቤቴ አለ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ዓለም ስለ ጎንቻ ሲሶ እነሴ አወቀ፤ እኛ የዚህ ወረዳ ሰዎች ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። በ1998 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የዓይን ተመራማሪዎች ከካርተር ሴንተርና ከጤና ቢሮው ጋር በወረዳችን 72 ንዑስ ቀበሌዎችን በዕጣ ለያይተው አዚትሮማይሲን የሚባለውን መድኃኒት አደሉ። በአንዱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሌላው ሁለት ጊዜ፣ በሌላው ለሕፃናት ብቻ በየሦስት ወሩ፣ ጥቂቱን ደግሞ ለጊዜው አዘግይተው። ለሕፃን ሽሮፕ፣ ለትልቅ ሰው እንክብል ነው፤ መጠኑ የሚወሰነው በሚዛን ሳይሆን በቁመት ነው፤ ቀለም የተቀባ ዱላ አጠገቡ አቁመን እንለካለን። ትራኮማው ቀነሰ። ያልተጠበቀው ግን የሕፃናቱ ሞት ነው፤ መድኃኒቱን ባገኙት ቦታዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት ሞት ካላገኙት በግማሽ ገደማ አንሶ ተገኘ። ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ታላቅ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከዚያ በኋላ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ከ1,500 በሚበልጡ መንደሮች ተሞከረ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው ውጤትም የሕፃናት ሞት መቀነሱን አረጋገጠ። የኒጀር ሕፃን ዛሬ የሚውጠው ሽሮፕ ታሪኩ ከጎንቻ ይነሣል። ይህን የሚናገር አንድ ድንጋይ እንኳ በወረዳው አልቆመም፤ ሊቆም ይገባው ነበር።

ዓይኑ እንዲህ ተፈታ፤ ሆዱ ግን እዚያው ነበር። ምጥ የጠናባት፣ አንጀቱ የታጠፈ፣ እንቅርት ያነቀው ሰው አሁንም መኪናና ገንዘብ ይፈልጋል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አምቡላንስ ለየወረዳው ሲታደል የቃሬዛው መንገድ አጠረ፤ መንገድ እስካለበት ድረስ። የገንዘቡ ጉዳይ መፍትሔ በጤና መድን መጣ።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኢትዮጵያ በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ነው። ከአማራ ክልል ሦስት ነበሩ፤ ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ። ቤተሰብ እንደ ቤተሰብ ይመዘገባል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍላል፤ በሙከራው ጊዜ ከተሰበሰበው መዋጮ ላይ ሩቡን ያህል ፌዴራል መንግሥት ይጨምር ነበር። ወደ እኛ ወገን የመጣው ሙከራው ካለቀ በኋላ ነው።

ሰዉን እንድናስረዳ ታዘዝን። ከቅዳሜ ገበያ በኋላ ዋርካ ሥር ሰበሰብናቸው። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ካልታመምኩስ? ገንዘቤ ይመለሳል?» አሉ። እንደ ዕቁብ መስሏቸዋል። አይመለስም አልኳቸው። ጉርምርምታ ተነሣ። ያኔ የአባቴ ደረሰኝ ትዝ አለኝ፤ ከፍሎ ያላየ ሰው ልጅ መሆኔንም አወቅሁት። እንዲህ አልኳቸው፤ «አባቴ፣ ቃሬዛ ተሸክመው ያውቃሉ?» «ስንት ጊዜ!» «ተኝተውበትስ ያውቃሉ?» «እግዜር ይመስገን፣ አላውቅም።» «ታዲያ ድካሜ ይመለስልኝ ብለው ያውቃሉ?» ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና ተቀመጡ። በዚያ ወር ከተመዘገቡት አንዱ እሳቸው ናቸው።

ሆኖም መድን ቃሬዛ አይደለም፤ በር አለው፣ የበሩም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፤ ከዚያ ሪፈር ይዞ ሆስፒታል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ዘልሎ የሄደ ግማሹን ከኪሱ ይከፍላል። ውሉ በዋናነት ከመንግሥት ተቋማት ጋር ነው። የወንድሜ ሚስት የሐሞት ጠጠር ይዟት ስትሰቃይ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቀን ሄድን፤ ቀዶ ሕክምናው ሳይከፈልበት ተሠራላት፤ ለአጎቴ በ1974 ዓ.ም. ያልተገኘው ነገር በዓይኔ ፊት ተገኘ፤ በመተላለፊያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ የቁስሉ መድኃኒት ከሆስፒታሉ አልቋል ተባልንና ከውጭ በገንዘባችን ገዛን። ደግሞ ወረፋው ሁለት ወር ነበር። መድኑ የሐኪሙን ዋጋ ይከፍላል፤ የሌለ ሐኪምና የሌለ መድኃኒት ግን ሊከፍል አይችልም። ብዙ ሰው በሁለተኛው ዓመት የማያሳድሰው በዚህ የተነሣ ነው እንጂ ድንቁርና አይደለም።

የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ትኖራለች፤ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደውላ፣ «አክስቴ፣ ሐኪሜ ውፍረትሽ ስኳርሽን አብሶታል፣ ጨጓራ የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና አለ አለኝ። መድን ይሸፍነዋል?» አለችኝ። ከእናቷ ቤት ሳለች ቀጭን ነበረች። በእኛ ጎጃም «ወፍረሻል» ማለት ምርቃት ነው፤ ደልቶሻል፣ ችግር አላየሽም ማለት ነው፤ የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ያየ ትውልድ ከዚህ ሌላ እንዴት ሊያስብ? እሷ ግን በየዕለቱ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ጉልበቷን ያማታል። ውፍረት ብቻውን በሽታ አይደለም የሚሉ አሉ፤ የስኳርን እግር ቁስል ያጠበ ሰው እንዲህ አይልም።

ለእሷ የሰጠሁት መልስ አላስደሰታትም። ለመንግሥት ሠራተኛና ለጡረተኛ የሚሆነው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሠራተኛው ከደሞዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪው 3 ከመቶ እንዲያዋጡ ይላል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ዓመታት አለፉ፤ ሥራ ላይ ሳይውል እየተራዘመ ቆየ። የአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብም ቢሆን ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን፣ የአካል ንቅለ ተከላን፣ መነጽርን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን፣ ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም ይላል። ጨጓራ የሚያሳንሱት ደግሞ ያኔ በአዲስ አበባ ያሉ ጥቂት የግል ሆስፒታሎች ነበሩ። ስለዚህ መድኑን የሚቀበል የውፍረት ቀዶ ሐኪም እንድትፈልግ ልመክራት አልቻልኩም፤ የምትፈልገውን አታገኝምና። የስኳርን በሽታ ለማዳን የሚደረግን ቀዶ ሕክምና ከውበት ጋር አንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ግን ልክ አይደለም እላለሁ። ደንቡ ሲሻሻል ይህ በስሙ ተጠርቶ ሊጻፍ ይገባዋል።

እሷም እንደ አጎቴ ልጅ ከቢሮ ቢሮ ትመላለሳለች፤ የያዘችው ስልክ ነው እንጂ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አይደለም። አባቷ ሲሰማ፣ «ያ ስልቻ አሁንም አልተፈታም ማለት ነው» አለኝ።

ለወንድሜ ያዘጋጀሁት መልስ ይህ ነው፦ ያኔ ሐኪም አልነበረንም፤ ደረሰኝ ነበረን። በእኔ ዘመን ሐኪም መጣ፤ ወረቀት ከለከለን። አሁን ወረቀቱ ተገኘ፤ ሐኪሙ ወረፋ ላይ ነው። ሐኪምና ሕመምተኛ በአንድ ቀን የተገናኙት ዓይን ላይ ብቻ ነው፤ የተገናኙትም ሕመምተኛዋ ወደ ሐኪሙ መሄዷ ቀርቶ ሐኪሟ ወደ እሷ ስለወረደች ነው። ለእንቅርቱ፣ ለቡዋው፣ ለማሕፀን መውጣቱ ለምን እንደዚያው እንደማይሆን አይገባኝም። ቀዶ ሐኪሞች በዓመት ሁለት ጊዜ ቢቸናና ሞጣ ድረስ ቢወርዱ፣ መድኑም ለዘመቻው ቢከፍል፣ በአንድ ሳምንት የስንት ሰው ሸክም ይቃለላል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ አምቡላንስ ሲቆም፣ ቃሬዛው ከተሰቀለበት እየወረደ ነው። ጠፍሩ የላላ ነበር፤ ወጣቶቹ አጥብቀውታል።

ይህን የምታነቡ የጎንቻ፣ የእናርጅ እናውጋ፣ የሁለት እጁ እነሴ ልጆች፣ በአዲስ አበባም ሆናችሁ በባሕር ዳር፣ አገር ቤት ስትደውሉ ስለ እህልና ስለ ከብት ከጠየቃችሁ በኋላ እናታችሁን ወይም አያታችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ አንገቷ ላይ ወረንጦ አለ ወይ? ካለ፣ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ወደሚቀርባት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ለዓይኗ ቆብ ቀዶ ሕክምና መድን አያስፈልጋትም፤ በነጻ ነው።